የረጅም አገልግሎትና የላቀ ውጤት ዕውቅና በዩኒቨርሲቲ፦ በአንድ መመሪያ ወይስ በሁለት?

ጥያቄ፣ ከ«የኮሚቴው ጸሐፊ»

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የምሠራው በ1999 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈቱትና ብዙዎች እስካሁን «አሥራ ሦስቱ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች» እያሉ ከሚጠሯቸው ተቋማት በአንዱ ነው። ተቋማችን ሥራ ሲጀምር ግንባታው ገና አላለቀም ነበር፤ መምህራኑ ብሎኬትና አሸዋ በተከመረበት ግቢ ሲያስተምሩ፣ የአስተዳደር ሠራተኞቹ ደግሞ አንድ ክፍል ለብዙ ጽሕፈት ቤት እየተጋሩ ተማሪ መዝግበዋል፣ መኝታ ደልድለዋል፣ ምግብ አቅርበዋል። «አዳዲስ» የሚለው ስም ዛሬም ባይለቀን እነዚያ የመጀመሪያ ሠራተኞች ወደ 20 ዓመት አገልግሎት እየተጠጉ ነው፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው የመጡት ደግሞ 60 ዓመት እየሞላቸው በጡረታ በመሰናበት ላይ ናቸው።

እስከ ዛሬ የቆየው ልማድ ወጥነት የለውም። አንዱ በጡረታ ሲገለል የሥራ ክፍሉ ባልደረቦች አዋጥተው ካባ ያለብሱታል፣ ምሳ ይጋብዙታል፤ ሌላው የስንብት ደብዳቤውን ከመዝገብ ቤት ፈርሞ ተቀብሎ፣ ክሊራንሱን ጨርሶ፣ ማንም ሳያውቅለት ይሄዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሠራተኛው አገልግሎት ሳይሆን ከክፍሉ ኃላፊ ጠባይ ነው። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ለጥቂቶች የሚሰጥ የምስጋና የምስክር ወረቀትም አለ፤ ተሸላሚዎቹ በምን መስፈርት እንደተመረጡ ግን ከመራጮቹ ውጭ የሚያውቅ አይገኝም።

ይህን ለማስተካከል መመሪያ የሚያረቅ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እኔም በጸሐፊነት እያገለገልሁ ነው። ያልተግባባንበት ዋናው ጉዳይ ረጅም አገልግሎትና የላቀ ውጤት በአንድ ሥርዓት ይታዩ ወይስ ይለያዩ የሚለው ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የአገልግሎት ዘመን ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠር፣ ለትምህርት ውጭ አገር የቆየ መምህር ዓመታቱ ይያዙለት ወይስ ይቀነሱበት፣ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች በአንድ መድረክ ይወዳደሩ ወይ፣ የሚሰጠውስ ነገር ምን ይሁን በሚሉት ላይ የነባር ዩኒቨርሲቲዎችን ልምድ ማወቅ እንፈልጋለን።

መልስ፣ ከ«ጡረተኛው የሰው ሀብት ባለሙያ»

በአንድ ነባር ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ስለሆነ፣ የምመልስልዎ የሥራ ዘመኑን ከሠራተኞች የግል ማኅደር ጋር ያሳለፈ ሰው እንደሚያየው ነው።

ሁለቱን ይለያዩአቸው። የረጅም አገልግሎት ዕውቅና መብት መሆን አለበት፤ 10፣ 20 ወይም 30 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሁሉ ማንም ሳይጠቁመው፣ አለቃው ቢወደውም ባይወደውም የሚያገኘው። የላቀ ውጤት ሽልማት ግን ጥቆማ፣ ማስረጃና ውድድር ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ መመሪያ ሲደባለቁ ኮሚቴው ረጅም ያገለገለውን «ምን የተለየ ነገር ሠራህ?» እያለ ያስጨንቀዋል፤ ውጤታማውን ወጣት ደግሞ «ገና ነህ፣ ተራህን ጠብቅ» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ መልክ ሁለቱም ቅር ተሰኝተው ሲወጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። በአገልግሎት ዕውቅና ላይ ገደብ ካስፈለገ ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት ላይ ያለ ሠራተኛ ቅጣቱ እስኪያበቃ ይቆይ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ የዘለለ መስፈርት አያስገቡ።

ከስጦታው በፊት ግን መዝገቡ ይቅደም። ኮሚቴዎች የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች የሚያጠፉት ዋንጫ ይሁን ሜዳሊያ በሚል ክርክር ነው፤ ሥርዓቱን ሲያፈርስ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ማኅደሩ ሲከፈት የቅጥር ደብዳቤው የለም፤ ስሙ በአንዱ ሰነድ እስከ አያት፣ በሌላው እስከ አባት ብቻ ተጽፏል፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረው ሰው የቀድሞ አገልግሎቱን የሚያሳይ ማስረጃ አልተላከለትም፤ በውጭ አገር ሰዎች በሚመራ ፕሮጀክት የተቀጠረው ደግሞ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ሳለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተወስዶለት ሰባትና ስምንት ዓመት ተዛብቷል። ስለዚህ ከሥነ ሥርዓቱ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድማችሁ የስምና የቅጥር ቀን ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜም ስጡ። የተረሳ ሠራተኛ በአዳራሽ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ከሚያውቅ በሰሌዳ ላይ አይቶ ቢያመለክት ይሻላል። ይህ ማጣራት ለጡረታም ይጠቅማል፤ ጡረታ የሚወሰነው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ዕድሜ ስለሆነ፣ ስሕተቱ በመጨረሻው ወር ሲገኝ የሚፈጥረውን ጭንቀት አልነግርዎትም።

የመቁረጫ ቀኑን ሰኔ 30 አድርጉት፤ ከበጀት ዓመቱ ጋር ይገጥማል፣ ክርክርም ያስቀራል። ለትምህርት የተላከ መምህር የላከው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነውና፣ ተመልሶ ሥራውን እስከ ቀጠለ ድረስ ዓመታቱ ይቆጠሩለት። ሳይመለስ የቀረውን ጉዳይ ለመወያየትም አልፈልግም።

የኮንትራት ዘመንን በተመለከተ ብዙ ኮሚቴዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የሚቆጥረው በቋሚነት የተቀጠሩበትን ዘመን ስለሆነ «እኛም ከሕጉ ውጭ መሄድ አንችልም» ይላሉ። ዕውቅና ግን ጡረታ አይደለም፤ ማንም ላይ የክፍያ ግዴታ አይጥልም። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት በኮንትራት ገብታ ከዓመታት በኋላ ቋሚ የሆነች የጽዳት ሠራተኛ የደከመችባቸው ዓመታት ለዕውቅና እንዳይቆጠሩ የሚከለክል ነገር አላውቅም።

ግዥውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ዕቃው በዓመቱ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ ግንቦት ላይ ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ብታሰባስቡ አትደርሱም፣ ሰኔ ሲያልቅ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል።

መልስ፣ ከ«ረዳት ፕሮፌሰር»

በቀደሙት አስተያየት ሰጪ ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም የበጀቱንና የትኩረቱን ሚዛን ወደ ረጅም አገልግሎት ማጋደሉ ትክክል አይመስለኝም።

ዓመታትን የሚቆጥር ሥርዓት አስቀድሞ አለን። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፣ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ገንዘቡ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲተያይ ማነሱን አልክድም፤ ቢሆንም የዘመን ብዛት የሚታወስበት ቦታ አለ። ምርምርም በማዕረግ ዕድገት ይታያል፤ ጽሑፍ ያሳተመ መምህር ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ፕሮፌሰርነት ይሄዳል። የትም የማይታየው ማስተማር ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በትልቅ አዳራሽ ለዓመታት ያስተማረ፣ ፈተና በጊዜው አርሞ የመለሰ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ሆኖ እያንዳንዱን ረቂቅ ያነበበ መምህር የተማሪዎች ምዘና ላይ ጥሩ ነጥብ ከማግኘት ያለፈ አንዳች ነገር አይጠብቀውም። ያን ምዘናም የሚያነበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የላቀ ውጤት ሽልማታችን ደግሞ የታመመ ነው። «ግንባር ቀደም ሠራተኛ» የሚባለው ምርጫ በብዙ ቦታ ወደ ተራ ተለውጧል፤ ዘንድሮ የአንዱ ክፍል፣ ለከርሞ የሌላው። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት «ኮከብ ሠራተኛ» ይባል ነበር፤ ስሙ እንጂ አሠራሩ ብዙ የተለወጠ አይመስለኝም። መድኃኒቱ መስፈርቱን አስቀድሞ ማውጣት፣ ከመራጮቹ መካከል ከሌላ ተቋም የመጣ ሰው ማካተትና የተመረጠበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፎ ለሁሉም ማሰራጨት ነው። ምክንያቱ ሊጻፍ ካልቻለ ሽልማቱ ዘንድሮ ባይሰጥ ይመረጣል። በየዓመቱ የግድ ተሸላሚ ማግኘት አለብን የሚለው አስተሳሰብ ነው ተራ ያመጣብን።

ዕውቅና ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅም ሌላው ችግራችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተውለው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር በቀል ተክል መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። ለዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እርሳቸው የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል፤ ይህ ከማንኛውም ሜዳሊያ የሚበልጥ ዕውቅና ነው። በእናንተም ግቢ «ብሎክ 14» እየተባሉ የሚጠሩ ሕንፃዎች እንደማይጠፉ እገምታለሁ፤ ስም ለማውጣት ፕሮፎርማ አያስፈልግም።

መልስ፣ ከ«የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን»

ረዳት ፕሮፌሰሩ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲጀምሩ መምህር፣ ሲጨርሱም ተመራማሪ ነው ያሉት። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከመምህራን ሌላ የቴክኒክ ረዳቶችና የአስተዳደር ሠራተኞች አሉ፤ ለእነርሱ የማዕረግ ዕድገት የሚባል መሰላል የለም፣ ወይም ካለ በጣም አጭር ነው። ለኔ ቢጤው የዘመን ዕውቅናን ቀንሱ ማለት ያለችውን አንዲት ነገር ውሰዱበት ማለት ነው።

የላቀ ውጤትም ቢሆን ለእኛ በሚገባ ልክ ይተርጎም። መለዋወጫ ከውጭ እስኪገዛ ዓመት በሚፈጅበት አገር፣ የቆመ አውቶክሌቭን (የቤተ ሙከራ ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) በእጅ በተገኘ ነገር ጠግኖ የተማሪዎቹን ሙከራ ያስቀጠለ ሰው ውጤት አለው፤ የጥገና መዝገቡ ላይ ቀኑና የተሠራው ሥራ ተጽፎ ስለሚገኝም ማስረጃ አያጣም። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ከኮምፒዩተር በፊት የተመረቀ ሰው ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ አቧራ ከለበሰ ፋይል ውስጥ አውጥታ የምትሰጥ ከሆነች፣ ምን ያህሉን በስንት ቀን እንዳስተናገደች ማየት ይቻላል። ፕሮክተሩን (የተማሪዎች መኝታ ተቆጣጣሪውን) በተመለከተ አለቃው ከሚጠቁም ተማሪዎቹ ቢጠቁሙ ይበልጣል፤ ሌሊት የታመመ ልጅ ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የተማሪዎች ምግብ ቤት ሠራተኞች ደግሞ ሥራቸው የሚታወቀው ሲጎድል ብቻ ነው፤ ሳይጎድል ያለፈ ዓመት ራሱ ውጤት ተብሎ መያዝ አለበት። መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች በአንድ ዘርፍ ከተወዳደሩ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዘርፉን ለዩት፣ መድረኩን ግን አንድ አድርጉት። ፕሬዚዳንቱ የመምህራኑን ሸልመው የእኛን ለምክትላቸው ትተው የወጡበት ሥነ ሥርዓት ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለመሄድ ፍላጎቱም አልነበረኝም።

ስለሚሰጠው ነገር ከተጠየቅሁ፣ በግልጽ እናውራ፤ ገንዘብ ቢሆን የሚጠላ የለም። መስታወት ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ገንዘቡ ከሌለ ግን ብዙ ወጪ የሌላቸው ነገሮች አሉ። በጡረታ የሚሰናበት ሠራተኛ በክሊራንስ ጊዜ መታወቂያውን ያስረክባል፤ ከወር በኋላ ለጉዳይ ሲመጣ ዕድሜውን የጨረሰበት ግቢ በር ላይ «ማንን ፈልገው ነው?» ይባላል። የጡረተኛ መታወቂያ አሳትሙለት፤ ግቢ ይግባበት፣ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀምበት፣ በሠራተኞች ክበብ ቡና ይጠጣበት። የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ካለ ሕክምናውን እዚያው ይቀጥል። በማታው ወይም በተከታታይ ትምህርት ለልጁ የክፍያ ቅናሽ ቢደረግለት ደግሞ ከካባው በላይ ይደሰታል። ካባ አልቃወምም፤ በአገራችን ካባ መልበስ ክብር ነው፣ ቤተሰብም ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ብቻ ካባ ከሆነ ካባ ይሁን፤ ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ተሸላሚ ተብሎ የሚመለስ የኪራይ ልብስ አታድርጉት።

መልስ፣ ከ«በባሕር ማዶ ያለሁ»

በአሜሪካ በአንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ አገልግሎት በየአምስት ዓመቱ ይታሰባል፤ 5፣ 10፣ 15 እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩን የሚያወጣው የደመወዝ መዝገቡ ስለሆነ ማንም ማመልከት አይጠበቅበትም፤ ደብዳቤ ይመጣል፣ ደረት ላይ የሚደረግ ምልክትና ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የሚመረጥ ስጦታ ይሰጣል። የላቀ ሥራ ሽልማት ለብቻው ነው፤ የሥራ ባልደረቦች የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው ይጠቁማሉ። ጡረተኛው ባለሙያ ያሉት መለየት እዚህም የሚሠራበት ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ጽዳቱ ለውጭ ኩባንያ በጨረታ የተሰጠባቸው ሕንፃዎች አሉ፤ አንዲት ያገራችን ልጅ ያንኑ ሕንፃ ለብዙ ዓመታት ስታጸዳ ኩባንያው በተለወጠ ቁጥር «አዲስ ሠራተኛ» ትሆናለች፣ ዩኒቨርሲቲውም የእኔ ሠራተኛ አይደለችም ይላል። አገር ቤትም ጥበቃንና ጽዳትን ለድርጅት የሚሰጡ ተቋማት ስላሉ፣ መመሪያው «በግቢው ውስጥ ያገለገለ» ይላል ወይስ «በዩኒቨርሲቲው የተቀጠረ» የሚለውን ከአሁኑ አስቡበት።

ምላሽ፣ ከ«የኮሚቴው ጸሐፊ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስተያየታችሁን አትሜ ለኮሚቴው አቅርቤአለሁ። አገልግሎትና ውጤት በሁለት የተለያዩ ክፍሎች እንዲረቀቁ፣ ዝርዝሩ በሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ የውጤት ሽልማቱም በሦስት ዘርፍ ሆኖ በአንድ መድረክ እንዲሰጥ ተስማምተናል። የጡረተኛ መታወቂያው ያለ ክርክር አለፈ፤ የጥበቃ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው የደገፉት። የትምህርት ክፍያ ቅናሹ ግን ለማኔጅመንት ውሳኔ ተመርቷል፣ ተስፋዬም መካከለኛ ነው።

ያልተፈታው አንድ ጥያቄ ቀርቷል። በግንባታው ዘመን በሥራ ተቋራጩ ሥር በቀን ሠራተኝነት የገቡ፣ ሕንፃው ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው በጥበቃና በአትክልተኝነት የቀጠራቸው ሰዎች አሉን። እነርሱ የሚቆጥሩት መሠረቱ ከተቆፈረበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ በእጃቸው ግን የዚያ ዘመን ደብዳቤ የለም። በተጨማሪም በሥራ ላይ እያሉ ያረፉ ሠራተኞችን ጉዳይ ረቂቁ አልነካውም። በእነዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ ከ«ጡረተኛው የሰው ሀብት ባለሙያ»

በተቋራጩ ሥር የሠሩበት ዘመን የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም፤ ይህን ብታደርጉ ነገ የደረጃና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሲነሳ ያንኑ ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ማፍረስም አትችሉም። ነገር ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ «የመሥራች ሠራተኛ» ዕውቅና ማቋቋም ትችላላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት በግቢው ውስጥ በማናቸውም መልክ የሠራና ዛሬም ያለ ሰው ሁሉ ይካተትበት። ደብዳቤ ለሌላቸው በዚያን ጊዜ አብረዋቸው የሠሩ ሦስት ሰዎች በጽሑፍ ይመስክሩላቸው፣ የክፍሉ ኃላፊም ይፈርምበት። ዕውቅናው የአገልግሎት ዘመን እንደማይቀይር በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ላረፉት የዓመት ገደብ አታስቀምጡ። ባልደረባው ካረፈ ቀን ጀምሮ አገልግሎቱ ሙሉ እንደሆነ ተቆጥሮ የምስክር ወረቀቱ ለባለቤቱ ወይም ለልጆቹ ይሰጥ፤ የሚሰጠውም ከሌሎቹ ጋር በዚያው መድረክ፣ በፊደል ተራው ስሙ ተጠርቶ ይሁን። ቤተሰቡ መቼና በምን ስልክ እንደሚጠራ ከወዲሁ ከማኅደሩ አጣሩ፤ በማኅደር ውስጥ ያለው የተጠሪ አድራሻ ብዙ ጊዜ የቅጥሩ ዕለት የተሞላው ነው።